ባዶ ቦታ ያለበት ግጥም

በከተማችን የሞተ ሰው የሕይወት ታሪክ በአንድ ገጽ ተጽፎ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነበባል። ከፍትሐቱ እኩል የሚጠበቅ ነገር ሆኗል። «ከአባታቸው ከእገሌና ከእናታቸው ከእገሊት» ተብሎ ይጀመራል፤ ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጆች ይከተላሉ፤ «ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥም በውጭም ሲረዱ ቆይተው» ተብሎ ይዘጋል። ከጤና ጣቢያ አልፎ ላልታከመ ሰው ሁሉ «በውጭም» ሲባል ሰምቻለሁ። ማንም አይስቅም። ቀብር ላይ የሚነበብ ወረቀት ሰው ሊሆን የሚገባውን እንጂ የሆነውን እንዲናገር አይጠበቅም።

የመምህሬን እንድጽፍ የተጠየቅሁት መገናኛ አካባቢ ካለው መሥሪያ ቤቴ ሆኜ ደብዳቤ ስተይብ ነው። ስልክ ተደወለ።

«አንቺ ነሽ የጽሑፍ ሰው የሚሉሽ?» አለ ወፍራም የወንድ ድምፅ። «የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፣ ከፈረንሳይ ሰፈር። መምህሩ አርፈዋል። ነገ ስድስት ሰዓት ነው ቀብሩ። ታሪካቸውን አዘጋጂልኝ፤ የማነበው እኔ ነኝ። አንድ ገጽ እንዳያልፍ።»

«አርፈዋል» የሚለው ቃል የደረሰኝ እንዲህ በሁለት ጉዳይ መሐል ተሸጉጦ ነው። እሑድ ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር፤ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ሆኖ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የጀመርኩትን ደብዳቤ ጨረስኩ።

መምህሬን ያወቅኋቸው የማታ ትምህርት ቤት ነው። ሰው ቤት ልሠራ ከተማ ገብቼ፣ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነበር። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ገና እግሩን ሲተክል ነው። ክፍላችን ውስጥ ዘበኛ አለ፣ ጋጋሪ አለች፣ የታክሲ ረዳት አለ፣ ከጦሩ ተበትኖ የመጣ ወታደር አለ። እሳቸው አማርኛ ያስተምሩናል። የመንዝ ሰው ናቸው፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን በጋም ክረምትም የማያወልቁ። በወጣትነታቸው አንድ ቀጭን የግጥም መጽሐፍ አሳትመዋል። መጽሐፉን ያየ ተማሪ ባይኖርም ወሬውን ሁሉም ሰምቶታል።

«መምህር» አላቸው አንድ ቀን ወታደሩ፣ «ግጥምዎ ቤት አይመታም ይባላል፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ምን ይመታል?»

«አንተን» አሉት፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ወታደሩም ከሁሉ በላይ ሳቀ።

በኋላ መጽሐፉን ሲያውሱኝ ተማሪዎቹ የሳቁበትን ነገር አየሁት። ግጥሞቹ ስለ መንዝ ናቸው፤ ግን የማውቀው ዓይነት የአገር ቤት ግጥም አይደሉም። ናፍቆት የለባቸውም። የድንጋይ ቤት አለ፣ የጓሳ ሣር አለ፣ ቆይቶ መሄድ የማያውቅ እንግዳ ይመስል ደጃፍ ላይ የሚቀመጥ ጉም አለ። ሰዎች ሰምና ወርቅ ይጠይቋቸዋል። «እኔ ዘንድ ሰምም ወርቅም የለ፤ ድንጋይ ነው ያለኝ» ይላሉ። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ባዶው ቦታ ነበር። መስመሩ ይሄድ ይሄድና ይቋረጣል፤ ሦስት አራት ቃል የሚያህል ነጭ ወረቀት ይከተላል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

«እዚህ ላይ ምን ልበል ጋሼ?» አልኳቸው ጮክ ብዬ ሳነብላቸው።

«ዝም በይ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ቦታው የሚያህለውን» አሉኝ፤ ትንሽ ተቆጥተው።

ይህ መልስ ደስ አለኝ። እኔም ነገር በልኩ እንዲሆን የምወድ ሰው ነኝ። መሥሪያ ቤት «እንከን ለቃሚ» ይሉኛል፤ አንድ ነጥብ ከቦታዋ ብትሸሽ ገጹን እንደገና እተይባለሁ። የተግባባነውም በዚሁ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ የጽሕፈት ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ግጥሞቻቸውን የምተይብላቸው እኔ ሆንኩ፤ መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ በኋላ በኮምፒውተር። ማስመሪያ ይዘው ባዶውን ቦታ ይለኩታል። «ይሄ አጥሯል» ይላሉ፤ እውነትም አጥሮ ይገኛል። አንድ ማተሚያ ቤት ሁለተኛውን መጽሐፋቸውን ሊያትም ተስማምቶ ነበር፤ ወረቀት ይባክናል ብሎ ክፍተቱን ሁሉ ዘጋግቶ የሙከራ ቅጂውን ላከልን። እሳቸው አንድ ገጽ አዩና መልሰው ሰጡኝ። መጽሐፉ በዚያው ቀረ።

ሰው ፊት ያነበቡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አዳራሽ ውስጥ ወጣቶች ግጥም የሚያነቡበት ምሽት ነበር፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። አንድ አጭር ግጥም ይዘው ወጡ። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ፤ ከኋላ አንዱ አጨበጨበ። ቀጠሉ። ሁለተኛው ላይ መድረክ መሪው ጠፋባቸው ብሎ «አይዞዎት ጋሼ» አለ በማጉያው። አዳራሹ በሙሉ አዝኖላቸው አጨበጨበ፤ ጭብጨባው አላቆም አለ። ወረቀታቸውን አጥፈው ወርደው አጠገቤ ተቀመጡ። «ዝም ማለት አይችሉም» አሉኝ። ዳግመኛ ሰው ፊት አላነበቡም።

የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እጣ ወጥቶልኝ ከእሳቸው ሰፈር ከፈረንሳይ ከለቀቅሁ በኋላም እሑድ እሑድ ወደ እሳቸው ታክሲ እየቀያየርኩ እመጣለሁ። አባዶ አዲስ ስለነበረ ከሰው ይልቅ ንፋስ ይበዛበታል። ደረጃው ላይ የሚገናኝ ሰው «ደኅና» ብሎ የብረት በሩን ይዘጋል። ስለዚህ የእሑዷን መንገድ አልጠላትም። ደርሼ ሻይ እንጠጣና ወደ እንጦጦ እንወጣለን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ባሕር ዛፉ መሐል ጭራሮ ያዘሉ ሴቶች ጎንበስ ብለው ሲወርዱ መንገድ እንለቅላቸዋለን። ወደ ራጉኤል ከሚወጡ አሮጊቶች አንዷ አስቁመውኝ ያውቃሉ።

«ባለቤትሽ ናቸው?»

«አይደሉም እማማ። ተማሪያቸው ነኝ።»

«እስካሁን አልጨረስሽም?» አሉና አለፉ።

ያ አዳራሽ ውስጥ ተጀምሮ የቀረው ግጥም ይሄ ነው፦

ከቤት ስወጣ          አልነበረም።
በሩ ላይ          ቆሞ ነበር።
መንገዱ          ያህል ረዘመ።
አሁን ሲመሽ          ብዬ እጣራለሁ፤
          አቤት ይለኛል።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ የሚጣሩት ማንን ነው?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፣ አንድ እሑድ ቁልቁል ስንወርድ።

«ባውቀው ኖሮ ስሙን ጽፌው እገላገል ነበር» አሉ።

እንግዲህ ስልኩ በተደወለ ቀን ከሥራ አስፈቅጄ የለቅሶው ድንኳን ወደተተከለበት ስሄድ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ግጥም አንድ ጊዜ፣ የሚያውቋቸው ሰዎች በተሰበሰቡበት፣ እሳቸው እንደሠሩት እስከ መጨረሻው እንዲሰማ። ቀብር ላይ ሰው አያጨበጭብም። ዝም ማለት የሚቻልበት ቦታ ካለ ቀብር ነው ብዬ አሰብኩ።

ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ሐዘን የተቀመጡት እህታቸውና የእህታቸው ልጅ ናቸው። እህታቸው ሕመሙ ሲጠና ከመንዝ የመጡ አሮጊት ናቸው፤ ጥግ ላይ ኩርምት ብለው አንድም ቃል አይናገሩም። ልጃቸው መርካቶ የሚነግድ ጎልማሳ ነው፤ ድንኳኑንም እንግዳውንም የሚያስተናግደው እሱ ነው። የጻፍኩትን ቆሞ አነበበ።

«እህቴ፣ ግጥም ግጥም አበዛሽው።»

«ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት እሱን ነው።»

«አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ የሚበሉት በግጥም ነው እንዴ?» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንቅልፍ አጥቷል። «ሕዝቡ ቆሞ ነው የሚሰማው፤ የቀትር ፀሐይ ነው። አጎቴ ደግሞ... ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የሚጽፉት አይገባም። እኔ አይገባኝም።»

«አንድ ብቻ ላስገባ።»

«አጭር ነው?»

«አምስት መስመር።»

«በይ እሱን አስገቢ። ለጸሐፊው እኔ አደርስላቸዋለሁ።»

አስፋልት ዳር ካለው ኮምፒውተር ቤት ሄጄ ራሴ ተየብኩት። ባዶ ቦታዎቹን ማስመሪያ አስመጥቼ ለካሁ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ቆየን። ስታትምልኝ ባለ ሱቋ ልጅ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞር አድርጋ፣ «እታለም፣ መሐሉ ተበታትኗል፤ ላጠጋጋልሽ?» አለችኝ።

«እንዳትነኪው።»

«እኔማ ላግዝሽ ብዬ ነው» አለች ተቀይማ።

ሁለት ቅጂ አሳተምኩ። አንዱን ለእህታቸው ልጅ ሰጠሁት፤ አንዱን ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኩ።

የእድሩ ጸሐፊ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ እሳቸው ያላነበቡለት ሬሳ የለም ይባላል። ማጉያ አይፈልጉም። አንዳንዱ ሰው ገና በሕይወት ሳለ «የኔንስ አንተ ታነብልኛለህ» እያለ ይቀልድባቸዋል። በማግስቱ ፍትሐቱ አልቆ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ሲቆም መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ዘረጉ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጥላ ሥር ቆሜያለሁ። ልደቱ ተነበበ፣ ትምህርቱ፣ ሥራው። «ከጻፏቸው ግጥሞች መካከል» ሲሉ ከጥላው ወጥቼ ቀረብኩ።

«ከቤት ስወጣ» አሉ፤ ዝም አላሉም፤ «አባቴ አልነበረም።»

የሰማሁትን አላመንኩም።

«በሩ ላይ እናቴ ቆማ ነበር። መንገዱ ከመንዝ አዲስ አበባ ያህል ረዘመ። አሁን ሲመሽ» አሉና የእህታቸውን ስም ጠሩ፤ ድምፃቸው አጥሩን ተሻግሮ ሄደ፤ «ብዬ እጣራለሁ፤ እህቴ አቤት ትለኛለች።»

ግሦቹን ሳይቀር አስተካክለዋቸዋል። እዚህም ጥግ ላይ ኩርምት ብለው የነበሩት አሮጊት ተነሥተው ደረታቸውን መቱ። «ወንድሜን! ወንድሜን! ስሜን ሲጠራ ኖሯል! እኔ ሳልሰማው!» ሴቶቹ ተቀበሏቸው፤ ግቢው በአንዴ አለቀሰ። የማታ ተማሪዎቻቸው የነበሩ ሰዎች ሲያለቅሱ አየሁ። በዚህ ሁሉ መሐል ግጥሙ ከዚህ በፊት እንዲህ ሰምሮ አያውቅም።

ያላለቀስኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ስንት ዓመት ሙሉ ያን አራተኛ መስመር ስተይብ፣ የቦታ መስጫውን ቁልፍ እየደጋገምኩ ስመታ፣ አንዳንድ ቀን የራሴን ስም በሐሳቤ አስቀምጬበት አውቃለሁ። ለማንም የሚነገር ነገር አይደለም። ለእሳቸውም አልነገርኩም። አሁን ቦታው ተይዟል፤ ያውም በሕዝብ ፊት።

ቀብሩ ካበቃ በኋላ ጸሐፊው ፈልገው መጡ።

«እንዴት ነበር?»

«ግጥሙ...» አልኩ።

«እሱን ነው የምልሽ!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ተጣድፈሽ ስለጻፍሽው ነው መሰለኝ ያልተሟላ ነበር። ሁልጊዜ ነው እንዲህ። ሰው የማያውቀውን ክፍት ይተወዋል፣ 'በዚህ ዓመተ ምሕረት' ብሎ ዓመቱን ይረሳዋል፤ እኔ ለቤተሰብ ደውዬ እሞላዋለሁ። የእህታቸውን ልጅ ጠይቄ ሞላሁልሽ። አይዞሽ፣ ማንም አልነቃም።»

ወረቀቱ እጃቸው ላይ ነው፤ ባዶ ቦታዎቹ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሚያምር የፍርድ ቤት እጅ ጽሑፍ ሞልተዋል። ላስረዳቸው ብፈልግ ከየት እንደምጀምር አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት የጎደለ መዝገብ ሲያሟሉ ኖረዋል፤ ጎዶሎ ሆኖ እንዲቀር ተብሎ የተሠራ ነገር እንዴት ይታያቸዋል?

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው።

«ኧረ ምን ሲደረግ!» አሉ ደስ ብሏቸው።

ወረቀቱን የመምህሬ እህት ለመኗቸው፤ ሰጧቸው። አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። ለቅሶ ሊደርስ ለመጣ ሰው ሁሉ «ስሜን ሲጠራ ኖሯል» ይላሉ፤ የመጣውም «ሰምተናል እማማ» ይላል። ከሠልስት በኋላ ድንኳኑ ተነቀለ። ወደ መንዝ የሚመለሱበት ቀን ላምበረት መናኸሪያ ልሸኛቸው ሄድኩ። ልጃቸው ጆንያና ፌስታል ሊያስጭን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከረዳቱ ጋር ይጨቃጨቃል። እኔና እሳቸው ግንቡ ጥግ ተቀመጥን።

«ልጄ፣ እስቲ ያቺን ነገር አንዴ አንብቢልኝ» አሉ። «ያ ሰውዬ ጮኸብኝና በደንብ አልሰማኋትም። እኔ እንደሁ ፊደል የለኝ።»

እጃቸው ወደ መቀነታቸው ሲሄድ፣ «አለኝ እማማ» ብዬ የራሴን ቅጂ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሆን ብዬ ነው። የመምህሬ እህት ናቸው። ከእንግዲህ ይህን ግጥም የሚሰማልኝ ከእሳቸው የተሻለ ጆሮ አላገኝም። ስጨርስም እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ስም አልጻፉም እማማ፣ የጻፈው ሰውዬው ነው እላለሁ። ቀናውን ነገር መናገር አያቅተኝም።

«ከቤት ስወጣ» አልኩና ዝም አልኩ።

«አባባ» አሉ አሮጊቷ፣ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ።

«አልነበረም። በሩ ላይ...»

«እምዬ።»

«ቆሞ ነበር። መንገዱ...»

«ኧረ ብዙ ነው፤ ብዙ ነው» አሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ ሰምተው ይዘውታል። መድረክ መሪው እንዳደረገው አልነበረም፤ አያቋርጡኝም፤ ዝም ስል ገብተው፣ ቦታው የሚያህለውን ብለው ይወጣሉ።

«ያህል ረዘመ። አሁን ሲመሽ...»

እዚህ ላይ እሳቸውም ዝም አሉ። ዓይናቸው አፌ ላይ ነው። ረዳቱ «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን የሞላ!» እያለ ይጮሃል። የዚያን ባዶ ቦታ ልክ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ልኩ ሞላ። እኔ ዝም እንዳልኩ አለፈ። መጀመሪያ የዘነጉት መሰለኝ፤ በኋላ ገባኝ፤ የራሳቸውን ስም ራሳቸው ሊጠሩት አይችሉም።

«ምነው ልጄ? ጥሪው እንጂ» አሉኝ ቀስ ብለው።

የተዘጋጀሁበት እውነት አፌ ውስጥ ነበር። ስማቸውን ጠራሁት። እማማ ሳልል፣ ባዶውን፣ ታላቅ ወንድም ታናሽ እህቱን እንደሚጠራ። ትልቅ ሰው እንዲህ ጠርቼ አላውቅም።

«አቤት!» አሉ።

ለእኔ አልነበረም። ፊታቸው ወደ እኔ ሆኖ ዓይናቸው በትከሻዬ አሻግሮ ያይ ነበር። ልጃቸው መጥቶ ክንዳቸውን ያዘ፤ «ተነሺ እንጂ እናቴ፣ ወንበር ይያዛል!» ብሎ አንሥቶ ወሰዳቸው። መስኮት በኩል ቢያዩኝ ብዬ አውቶቡሱ እስኪወጣ ቆምኩ፤ ግን በወዲያኛው ጎን ነው የተቀመጡት።

አምስተኛውን መስመር አላነበብኩትም። ወረቀቱን ዘርግቼ እንደያዝኩት ወደ ታክሲ ሰልፉ ሄድኩ። ሰልፉ ረዥም ነበር። የማስተካክለው አንድም ስሕተት አልነበረበትም፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አየሁትና አጠፍኩት። ከፊቴ የቆመችው ተማሪ ጆሮዋ ውስጥ የሰካችውን ማዳመጫ አውጥታ ዞር አለች።

«አባዶ ነው አይደል ይሄ ሰልፍ?»

«አባዶ ነው» አልኳት።

መልሳ ሰካችው።